የአሥራ ዘጠኝ ሜትሩ ዱብታ

ኤፍራታ ያን ረቡዕ ጠዋት ገና ዓይኗን ስትገልጥ የግራ ቅልጥሟን በሁለት ጣቷ ጫን አደረገችው። ትንፋሿ ቁርጥ አለ፣ ጣሪያው ዞረባት፣ ትራሷን ነከሰች። እሺ፣ አልዳነም። ከዛ ተነሳችና ጥርሷን ቦረሸች።

ሞጆ ዳር ያለው የበረራ ትምህርት ቤት እኮ የሚነጋው እንደዚህ ነው። ሌላው ሰው ሲነቃ ስልኩን ይፈልጋል፣ እነሱ አጥንታቸውን ይቆጥራሉ፤ ጎድን፣ አንገት፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፤ አርባ ስምንት አልጋ ላይ አርባ ስምንት ልጅ ዝም ብሎ ራሱን ሲዳብስ አስቡት። ሲጨርሱ ቁርስ። ቁርስ ላይ ሁለት ብርጭቆ ወተት ግዴታ ነው፣ ያልጠጣ ይመዘገባል።

ድሮ ልጁን አብራሪ ማድረግ የፈለገ ቤቱን ይሸጥ ነበር፣ ይሄ የታወቀ ነው። ልጁ ተምሮ ሲወጣ ደግሞ ለጀማሪ የሚከፈለው ብር የቤት ኪራይ እንኳን አይሸፍንም ነበር። አሁን ዓመቱ 2071 ነው፣ ነገሩ ተስተካክሏል። ትምህርቱ ነፃ፣ ምግቡ ነፃ፣ የኪስ ገንዘብ በየሳምንቱ። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ቤት አትሽጡ፣ ልጅ ላኩ» ተብሎ ተጽፏል፤ ወላጅ ሁሉ እዛ ጋ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ አንዳንዱም በደስታ ያለቅሳል።

የሚከፍሉት ወንበር ሠሪዎቹ ናቸው፣ የአውሮፕላን ወንበር የሚሠሩት። ወንበራቸው ከላይ ሲፈጠፈጥ የተቀመጠበትን ሰው ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ይፈልጋሉ። በአሻንጉሊት ሞክረውት ነበር፣ ግን አሻንጉሊት አይፈራም፤ ያልፈራ አይኮማተርም፣ ያልተኮማተረ ደግሞ እንደ ሰው አይሰበርም። ስለዚህ ሠልጣኞቹ ይወድቃሉ። በቃ። ግቢው መሀል ረጅም ግንብ አለ፣ ወንበሩ በሐዲድ ተጎትቶ ይወጣል፣ ይለቀቃል፣ ዱብ። ልጆቹም «ዱብታ» ነው የሚሉት። አንድ ሜትር የወደቀ ሁለት የበረራ ሰዓት ያገኛል። አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዓት የሞላለት ረዳት አብራሪ ይሆናል፣ ደሞዝ ይበላል፣ ሁለተኛ አይወድቅም። የተማሪዎች ስም ዝርዝር ሲዘጋ ያልሞላለት ውሉ ለወንበር ሠሪዎቹ ይተላለፋል፣ አምስት ዓመት። ቋሚ ወዳቂ ይባላል። በረራ የለ፣ ሰዓት የለ፣ ዱብታ ብቻ። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የታየ ቋሚ ወዳቂ የለም።

ኤፍራታ ሃያ አራት ሰዓት ይጎድላት ነበር። ዝርዝሩ የሚዘጋው አርብ ነው።

እና ደግሞ ቅልጥሟ ተሰንጥቋል። ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ባለፈው ዱብታ። ለክሊኒኩ ብትናገር ጀሶ አድርገው ስድስት ሳምንት ያስተኟታል፣ ወንበር ሠሪዎቹ ስብራት ላይ ስብራት አይገዙም። ስለዚህ ዝም አለችና ሰኞ በባቡር አዳማ ሄደች፣ ጋሽ ናቲ ጋ። ጋሽ ናቲ በጉብዝናው ጊዜ የእግር ኳስ ቡድን ወጌሻ ነበር፤ ቡድኑ ከፈረሰ ቆየ፣ እሱ ግን እጁ እንዳለ ነው። ግማሹ ትምህርት ቤት ተደብቆ እሱ ጋ ይታሻል። እግሯን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ሄደበት፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ፣ እሷም ጮኸች። ቀርከሃ ቆርጦ በጨርቅ ጠፍሮ አሰረላትና አርባ ቀን አላት። ሁለት ቀን ነው ያለኝ አለችው።

«አጥንት ቀጠሮ አያውቅም፣ ልጄ» አላት። ከዛ ማን እንደሚጥላት ጠየቃት። ጓደኛዬ ናት ስትለው፣ «እኔ ሃያ ዓመት ሜዳ ላይ የሮጥኩት የወደቀ ለማንሳት ነው» አለ። ብር አልተቀበላትም።

ጓደኛዋ ጃለኔ ናት። ሕጉ ሰው ራሱን እንዲጥል አይፈቅድም፣ ራስን ማጥፋት ይባላል፤ ቁልፍ የሚጫን ሠራተኛ መቅጠር ደግሞ ወጪ ነው። ስለዚህ ሠልጣኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ይጣጣላሉ፣ ከተመዘገበው ጥንድ ውጪ ማንም ቁልፍ አይነካም። ቁልፎቹ ሁለት ናቸው። ቀዩ ሙሉ፣ ቢጫው ግማሽ። ማሽኑ ከፍታውን ያወጣል፣ ጣይዋ ሙሉውን ወይ ግማሹን ትጫናለች።

ጃለኔ በመጀመሪያዋ ዱብታ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ወንበሩ ላይ ሆና እናቷን ስትጣራ በድምፅ ማጉያው ተሰምቷል። «አዬ፣ አዬ» እያለች፣ በኦሮምኛ እማ ማለቷ ነው። ኤፍራታ ከዛን ቀን ጀምሮ ለጃለኔ ሁሌ ቢጫውን ነው የምትጫነው። አንድም ቀን ቀዩን ነክታላት አታውቅም። ለራሷ ግን ሁሌ ሙሉ ነው የምታስጥለው፤ ቶሎ ልጨርስ ነው ነገሩ። ጃለኔም ግማሽ ግማሹን እየወደቀች ሰዓቱ ስለማይሞላላት በእጥፍ ቁጥር ወደቀች፣ ሳምንት በሳምንት። አጥንቷ አንድም ቦታ አልተነካም። ሰዓቷ ግን ሠላሳ ስምንት ይጎድላል፣ የቀራትም የአርቡ ዱብታ ብቻ ነው።

እና ረቡዕ ጠዋት ጃለኔ ነገሩን አቀለለችው። ወደ ግንቡ የሚገባ ወዳቂ በራጁ በር ማለፍ አለበት፣ ራጁ አጥንቱን ያየዋል፣ ማን መሆኑን ግን የሚያውቀው ከእጅ አምባሩ ነው። ጃለኔ ዛሬ ጣይ ናት፣ ጣይ አይመረመርም። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ገብተው የኤፍራታን አምባር ጃለኔ አጠለቀች፣ በበሩ አለፈች፣ አረንጓዴ በራ፣ ተመልሳ መጣች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

«አጥንቴን ተበድረሽ እንዳትጠፊ» አለች አምባሩን ስትመልስላት። ሁለቱም እየሳቁ የቀርከሃውን ማሰሪያ ፈቱት።

ሲፈታ እግሯ እንደ ሞቀ ነገር ሆነ። ኤፍራታ በማይመረመረው በጣይ በር ገብታ ወንበሩ ላይ ወጣች፣ ቀበቶው በራሱ ተጠመጠመ፣ እግሮቿ መርገጫው ላይ ተቆለፉ፣ ወንበሩ ወደ ላይ መጎተት ጀመረ። ሁሌ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ነው የሚቆመው። አሥራ ሁለት ሜትር፣ ሃያ አራት ሰዓት፣ አለቀ። ከአሥራ ሁለት በላይ ግን ሄደ። አሥራ አራት። አሥራ ስድስት። የምግብ ቤቱን ጣሪያ አየች፣ ከጣሪያው ወዲያ ያለውን የባቡር መስመር አየች፣ እዚህ ድረስ ወጥታ አታውቅም። ሲቆም ከፊቷ ያለው ሰሌዳ አሥራ ዘጠኝ ይላል።

ገባት። ማሽኑ እኮ እንደ ልብስ ሰፊ ነው፣ ለክቶ ነው የሚሰፋው፤ አጥንቱ የሚችለውን ያህል ነው ከፍ የሚያደርገው። የለካው ደግሞ የጃለኔን ነው። ሁለት ዓመት በቢጫ ቁልፍ የተጠበቀውን፣ ስንጥቅ የሌለበትን፣ ኤፍራታ ራሷ አዝና ያቆየችውን አጥንት።

«ክብርት ሠልጣኝ፣ ዝግጁ ነዎት። ጣይዎ ስድሳ ሴኮንድ አላቸው» አለ የግንቡ ድምፅ። ድምፁ ሁሌ በጣም ጨዋ ነው። በስድሳ ሴኮንድ ካልተጣለ ሁለቱም ከዝርዝሩ ይሰረዛሉ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ። ማንም ያላስተማራቸው፣ በየትኛውም መመሪያ ላይ የሌለ። ጣይ ከመጫኗ በፊት «ይቅር በይኝ» ትላለች፣ ወዳቂ «ይቅር ለእግዜር» ካላለች አይጫንም። ዱብ ካለ በኋላ ደግሞ ወዳቂ የወንበሩን እጀታ በመዳፏ ሦስቴ ትመታለች፣ አለሁ ለማለት። መሐንዲሶቹ የመጀመሪያውን «የአካባቢ መዘግየት፣ አማካይ አራት ሴኮንድ» ብለው መዝግበው ትተውታል። ልጆቹ ግን አይተዉትም። አምና አንዱ ልጅ ሳይባባሉ ተጭኖ፣ አብሮት የገባው ባች ሙሉ ሻወር ቤት ውስጥ ቆልፎበት እርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ ወቃው። በፎጣ የሆነው አጥንት እንዳይነካ ነው። ስጋ በሳምንት ይሽራል፣ ራጅም አያየውም።

«ኤፊ፣ ይቅር በይኝ» አለች ጃለኔ ከታች፣ በድምፅ ማጉያው።

ኤፍራታ ወደ እግሯ አየች። «ግማሹን» አለች፣ «ቢጫውን ተጫኚ።»

«ግማሹ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አምስት ይጎድልሻል።»

«ተጫኚው አልኩሽ፣ ጃሉ። ይቆረጣል ይሄ እግር።»

«ሃያ ሴኮንድ» አለ የግንቡ ድምፅ። ጃለኔ ስትናገር ድምጿ ቀዝቅዞ ነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አዝላው የነበረውን ነገር እንዳወረደች።

«ሁለት ዓመት ስታዝኚልኝ የት አደረስሽኝ?»

ቀዩን ተጫነችው።

መጀመሪያ ሆድ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። ከዛ ነፋስ፣ ከዛ የሐዲዱ ፉጨት፣ ከዛ ምንም። ምንም የሚባለው በጣም አጭር ነው፣ ከዛ መሬቱ ከታች ይመጣል። ኤፍራታ የራሷን እግር ሲሰበር ሰማችው፣ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ደረቅ እንጨት፤ አንዱ በተሰነጠቀበት፣ አንዱ ከዛ በታች። ጥርሷ ምላሷን ዘለቀው፣ አፏ ውስጥ ደሙ ሞቀ። ስታይ ከጫማዋ በላይ ነጭ ነገር ቆዳዋን ቀድዶ ወጥቷል፣ ንጹሕ ነጭ፣ እንደ አዲስ ሳህን። እጀታውን መምታት ፈልጋ እጇን ፈለገችው፣ አላገኘችውም። ጃለኔ መስታወቱ ወዲያ ቆማ ሦስቱን ምት ስትጠብቅ አየቻት። አንዱም አልመጣም።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለ የግንቡ ድምፅ። «አንድ ሺህ አምስት መቶ አሥራ አራት ሰዓት።»

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዩኒፎርሙ አልጋዋ ድረስ መጣላት። ሰማያዊ ኮት፣ ሁለት የወርቅ መስመር እጅጌው ላይ፣ ኮፍያ፣ ሱሪው ሁለት እግር ያለው። ሐኪሙ እግሩን ሰኞ ከጉልበት በታች እንቆርጠዋለን አለና ሳታለቅስ በፊት አጽናናት፤ አብራሪ እግር ከማያስፈልገው ቆይቷል፣ አውሮፕላኑ ራሱ ነው የሚበረው፣ ሕጉ የሚለው ፊት ለፊት ሁለት የነቃ ሰው ይቀመጥ ብቻ ነው። ደሞዟ ከዛሬ ጀምሮ እንደሚታሰብም ነገራት። እናቷ ደውላ እልል ስትል የጎረቤቶቹም ድምፅ ተሰማ። ኤፍራታ ኮፍያውን አድርጋ ፎቶ ላከችላቸው፣ ከወገብ በላይ።

አሥር ሰዓት ላይ ጃለኔ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ግራ ዓይኗ የለም፣ ማለት እብጠቱ ውጦታል። ከንፈሯ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ስትተነፍስ ጎኗን ይዛ ነው። ባቹ ረቡዕ ከሰዓት ሻወር ቤት ወስዷታል፣ አሥራ አንድ ሆነው፣ እርጥብ ፎጣ። አንዷ በየተራው መሀል ጎድኗን እየዳበሰች «አልተሰበረም፣ ቀጥሉ» ትል ነበር አሉ። ጃለኔ አልጮኸችም። ፎጣውን የማይዙት ደግሞ የልብስ ሳሙና እያሸተቱ ተራቸውን ጠበቁ።

ኤፍራታ አየቻትና ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላት፣ ከዩኒፎርሙ በላይ።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ነኝ» አለች ጃለኔ። «ካላንቺ ማንም መጫን አይችልም። ትመጫለሽ?»

ኤፍራታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የጃለኔ እግር እየተጎተተ ሲሄድ ተሰማ።

አርብ ጠዋት ነርሷን ዊልቸር አምጪልኝ አለቻት። ኮቱን ለበሰች፣ ኮፍያውን አደረገች፣ ብርድ ልብስ እግሯ ላይ ጣለች። በኮሪደሩ ሲገፏት ታናናሾቹ ሠልጣኞች ግድግዳ ተጠግተው ሰላምታ ሰጧት፤ እንደዛ ሲያዩዋት ዓይናቸው አበራ፣ ወርቁን ነው እንጂ ብርድ ልብሱን ያየ የለም።

የጣይ ክፍል ጠባብ ናት። መስታወት፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሁለት ቁልፍ። ጃለኔ በራሷ አምባር በራጁ አልፋ፣ አረንጓዴ በርቶላት፣ ወንበሩ ላይ ተጠምጥማለች። አጥንቱ ያው ነው፣ ስለዚህ ወንበሩ ወጥቶ ወጥቶ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ሙሉው ሠላሳ ስምንት ሰዓት ነው፣ ልክ የጎደላት። ግማሹ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ግማሹ ቋሚ ወዳቂነት ነው፣ ግማሹ አምስት ዓመት ነው።

የኤፍራታ ጣት ቢጫው ላይ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ እዛው ላይ ነበር፣ አልጋ ላይ ሆና እንኳን። ምክንያቱም አስቡት፤ ቀዩን ተጭኖ የተደበደበ ሰው አለ፣ ቢጫውን ተጭኖ የተደበደበ ሰው ግን በዛ ትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ የለም። እንዲያውም ባቹ ያቅፋታል። እግሯን ያሳጣቻትን እንኳን ስታዝንላት እዩ ይላሉ። ጃለኔ ዛሬ በእግሯ ትወርዳለች፣ ሰኞ መኪና መጥቶ ይወስዳታል፣ ከዛ በኋላ ማን ያያታል።

«ጣይ ስድሳ ሴኮንድ አለዎት» አለ ድምፁ። ረዳት አብራሪ ኤፍራታ ብሎም ጨመረበት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኤፍራታ «ይቅር በይኝ» አላለችም። ሴኮንዱ ሄደ። ከላይ ጃለኔ ስትተነፍስ ይሰማል፣ ያበጠው አፍንጫዋ ያፏጫል። እናቷን አልተጣራችም።

«ኤፊ» አለች በመጨረሻ፣ «ረቡዕ ያልመለስሽልኝን መጀመሪያ መልሺልኝ። ከዛ የፈለግሽውን ተጫኚ።»

ኤፍራታ መስታወቱ ላይ የራሷን ፊት አየች፣ ኮፍያውን፣ ሁለቱን መስመር። ያቺ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢጫውን ስትነካ የነበረችው ለማን ብላ ነው? ጃለኔ ስትሰበር ላለመስማት ነው። ጃለኔ እጥፍ ስትወድቅ ግን ቆጥራላት አታውቅም።

«ይቅር ለእግዜር» አለች። ማጉያውን ተጠግታ ደገመችው። «ይቅር ለእግዜር፣ ጃሉ። አንቺም ይቅር በይኝ።»

«ለምኑ ነው? ለአሁኑ ነው ለግማሾቹ?»

«ለግማሾቹ።»

«አሥር ሴኮንድ» አለ የግንቡ ድምፅ።

«ይቅር ለእግዜር» አለች ጃለኔ። «በይ አሁን እንደ ሰው ጣይኝ።»

ጣቷ ከቢጫው ተነሳ፣ ቀዩ ላይ አረፈ። ተጫነችው። ግንቡ ተንቀጠቀጠ፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ የዊልቸሩ ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ ሄደ። የሆነ ነገር ተሰበረ፣ ይሄ አያጠራጥርም፣ ድምፁን ታውቀዋለች። ከዛ አቧራ ብቻ።

ኤፍራታ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈችና ጠበቀች። አንድ ምት ተሰማ። ቆይቶ ሁለት። ከዛ ዝም አለ፣ በጣም ረጅም ዝም፣ የጃለኔ ቀኝ እጅ ከክርኑ ወደማይሆን አቅጣጫ ታጥፎ ወንበሩ ጎን ተንጠልጥሎ ይታያል። ኤፍራታ ሳታውቀው የራሷን መዳፍ መስታወቱ ላይ አድርጋ ነበር። አቧራው ውስጥ ግራው እጅ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ በወንበሩ ላይ ተሻግሮ መጣ፣ የቀኙን እጀታ አገኘው፣ መታው።

ሦስት።

የዛን ቀን መዝገብ ላይ እንዲህ ሰፍሯል፦ ከፍታ አሥራ ዘጠኝ። ሰዓት አንድ ሺህ አምስት መቶ። የአካባቢ መዘግየት ሃምሳ ሁለት ሴኮንድ፣ ምክንያቱ አልታወቀም።